ጌሙን ማን ሰበረው?

ልጄ ዲስኩን አስገባ። ማሽኑ ግማሹን ሳብ አድርጎ ወሰደና ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ መልሶ ተፋው። እንደገና አስገባ። እንደገና ተፋው። አጥሚት አልፈልግም ያለ ሕፃን ነበር የሚመስለው። ልጁ ሌላ ሙከራ አላደረገም። ዲስኩን ጠርዙን በጣቶቹ ይዞ ቀስ ብሎ ዞረና አየኝ።

«አባባ፣ ነክተውት ነበር?»

«አንስቼ ወደ ጎን አደረግሁት። ፓምፑን ልሰካ ብዬ።»

«ወደቀ?»

«አልወደቀም።»

«እሺ» አለ።

እሺ የሚባለው ቃል ብዙ ዓይነት ነው። ይህንኛውን አውቀዋለሁ። ፋብሪካ ውስጥ ለፎርማን የምንለው እሺ ነበር፤ አላመንኩህም፣ ግን አንተ አለቃ ነህ ማለት ነው። ከገዛ ልጄ አፍ እሰማዋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

አልሰበርኩትም። ያን ቀን ደጋግሜ ብናገረውም የሰማኝ ስላልነበረ እዚህም ላይ አስቀድሜ እናገራለሁ። ዕለቱ እሁድ፣ አቦ ነበርና እናትና ልጅ ሳሪስ ሄደው ነበር። እኔ የቀረሁት ውኃ የሚመጣበት ቀን ስለነበር ነው። ፓምፑን የምሰካበት ሶኬት ከቡፌው ጀርባ ነው፤ ቡፌው ላይ ደግሞ ጌሙ ተቀምጧል። የባለቤቴን ዳንቴል ከላዩ ገለጥ አድርጌ፣ ጌሙን በሁለት እጄ አንስቼ ወደ ጎን አኖርኩት፤ በርሜሉ ሲሞላ ወደ ቦታው መለስኩት። ሌላ ያደረግሁት የለም። ዳንቴሉን መልሼ ሳለብሰው ግን ጠማማ አድርጌው ኖሯል፤ ልጁ እንደገባ መጀመሪያ ያየው እሱን ነው።

ጌም የምንለው ከቴሌቪዥን ጋር ተሰክቶ ኳስ የሚያጫውተውን ጥቁር ማሽን ነው። ልጁ የስምንተኛ ክፍል ፈተናውን ሲያልፍ አጎቱ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ያመጣለት ስጦታ ነው። ያኔውኑ ተቃውሜ ነበር። ፈተና ያለፈ ልጅ ሽልማቱ ሌላ መጽሐፍ ነው ብዬ ነበር። አጎትየው ሳቀብኝ፤ ባለቤቴም የእንግዳ ክብር ነው ብላ አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ማሽን ላይ ያልተናገርኩት ነገር የለም። ልጁን ጠርቼው ሳይሰማ ሲቀር፣ ራት ቀርቦ «አንድ ጎል ብቻ» ሲል፣ «አንድ ቀን በመዶሻ ነው የማናግረው» እል ነበር። ይህን የምለው በዝቅተኛ ድምፅ አይደለም። ግድግዳችን የጭቃ ነው፤ ጎረቤትም ጆሮ አለው። እንግዲህ ማሽኑ ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር ብቻውን በዋለበት ቀን ሲበላሽ ማንን ይጠርጥሩ?

ነገሩን የሚያከፋው የቤታችን ሕግ ነው። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት የውኃ ፓምፕ ልጠግን ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት አቃቂ፣ ክር ፋብሪካ ውስጥ፣ በካርቶን ላይ ከታተመ ጽሑፍ ነው። ማሽንንም ያስተማረኝ ራሱ ማሽኑ ነው። አሁን ፋብሪካውን ከተውኩ በኋላ ወፍጮና ፓምፕ እየጠገንኩ እኖራለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ብዙ ነገር የለውምና ሕግ አወጣሁ፤ በዚህ ቤት ዕቃ የሰበረ አይቀጣም፣ ሰብሮ የዋሸ ግን ይቀጣል። ልጄ በትንሽነቱ ቴርሞስ ሰብሮ መጥቶ ነግሮኝ ግንባሩን ስሜዋለሁ። ብርጭቆ ሰብሮ «ድመቷ ናት» ያለ ጊዜ ግን አልሳምኩትም። ስለዚህ አሁን እየዳኘኝ ያለው በራሴ ሕግ ነበር። ሰብሯል፤ ይዋሻልም። በዓይኑ ፍርዱ ተጽፏል።

ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ሽንኩርት ትልጣለች።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ሰብረኸው ከሆነ ሰበርኩት በለውና ይለፍ። ልጅ ነው፣ ይረሳዋል።»

«አልሰበርኩትም።»

«በመዶሻ መታኸው አላልኩም። ምናልባት ስታነሳው ጠበቅ አድርገህ...»

«ጠበቅ አላደረግሁም!»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል?»

እውነት የያዘ ሰው አይጮህም ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ወጣሁ። በርሜሉን አየሁ፤ ሞልቷል። በሩን ከፍቼ መንገዱን አየሁ፤ መንገዱም እንዳለ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ተነሳሁ። ያን ሳምንት ቤቴ ውስጥ የሚበቃኝ ወንበር አጣሁ።

ልጁ አላኮረፈም። ቢያኮርፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ኩርፊያ ልመና የሚሻ ነገር ነው። እሱ ግን ጨዋ ሆነ። ስገባ ይነሳል፣ ውኃ ያቀርብልኛል፣ የጠየቅሁትን ይመልሳል። የባዕድ ሰው ጨዋነት ነበር። አንድ ማታ ራት ላይ፣ ስለ አንድ ወፍጮ ቤት ባለቤት ማውራት ጀመርኩ፤ ሰውየው ሚዛኑን አጣሞ ደንበኛ ሲያታልል ስላየሁ ሥራውን ጥዬበት መምጣቴን ነገርኳቸው። «ሰው ምንም ቢያጣ እውነት መናገር አለበት» ብዬ ልደመድም ስል ልጁ እንጀራውን ትኩር ብሎ አየ። ፈገግ አላለም። ግን ከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ንግግሬን ሳልጨርስ እንጀራዬን ቆረስኩ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ የተበላሸው ጌሙ ብቻ አይደለም። ልጄ ካላመነኝ በዚህ ቤት ውስጥ ከእንግዲህ ምን ብዬ እመክራለሁ? ዋናው ዕቃዬ መታመኔ ነበር። ሌላ ሀብት የለኝም።

ልጁ አጎቱ ጋ ደውሎ ኖሯል። «ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል፤ ሳሪስ የሚያውቀው ጠጋኝ አለ» አለ።

«እኔ ልየው?»

«አይንኩት አባባ። ባለሙያ ይየው።»

ባለሙያ። እሺ። ነገር ግን የጠጋኝን አፍ አውቃለሁ፤ እኔም ጠጋኝ ነኝ። ወፍጮ ልጠግን ስጠራ ገና ሳልከፍተው የምለው «ማን ነካካው?» ነው። ማንም ባይነካካው እንኳ እንዲህ እላለሁ፤ ሥራውን ያከብድልኛልና። የሳሪሱም ጠጋኝ ጌሙን ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ይሄ ወድቋል» ማለቱ አይቀርም። ለመናገር የሚፈጅበት አንዲት ትንፋሽ ናት። ከዚያ በኋላ እኔ ቅዱስ መጽሐፍ ላይ እጄን ብጭንም ዋጋ የለውም። ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ምክንያቱን በዓይኔ ማየት ነበረብኝ።

ሐሙስ ጠዋት ልጁ ትምህርት ቤት፣ ባለቤቴ ገበያ እንደሄዱ አሮጌ አንሶላ መሬት ላይ ዘረጋሁና ጌሙን አወረድኩት። ብሎኖቹ ኮከብ መሳይ ሆነው መሐላቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ እንደ እኔ ያለው ሰው እንዳይከፍታቸው ታስበው የተሠሩ ናቸው። አንድ ቀጭን ካቻቢቴ ጫፉን በሞረድ እየሳልኩ ልክ እስኪሆን ሞከርኩ፤ ከፈተ። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ሳህን ላይ ደረደርኳቸው። እጄ በሥራው ላይ ሲገባ ልቤ ትንሽ ረጋ።

ዲስክ የሚውጠው ክፍል ለብቻው በቆርቆሮ ሣጥን ታሽጓል። ክዳኑን ሳነሳ አንድ ቀጭን ዘንግ አየሁ፤ ጥቁር ጎማ ለብሷል። ዲስኩ ሲገባ ይህች ጎማ ትይዘውና እየተሽከረከረች ወደ ውስጥ ትስበዋለች፤ ሲወጣም በተቃራኒው ትገፋዋለች። ገና ሳያት ሳቅኩ፤ ክር ፋብሪካ ውስጥ በየማሽኑ ላይ ያለው ሮለር ነው! ትንሽ ሆኖ ነው እንጂ ዘመዱ ነው። ሳቄን ሳልጨርስ ደግሞ ከዘንጉ አንደኛው ጫፍ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። በመርፌ ነካሁት። ክር ነው። ጠበቅ ብሎ ተጠምጥሟል፤ ጎማዋን አንቆ ይዟታል። ግማሽ ዙር ትሄድና ታንቃ ትመለሳለች፤ ዲስኩን የምትተፋው ለዚህ ነበር።

ክር አይቼ ከየት እንደመጣ ባላውቅ ኖሮ ዕድሜዬ ባከነ ማለት ነው። ድርብ፣ የጥጥ፣ የዳንቴል ክር ነው። ባለቤቴ ዳንቴል የማታለብሰው ነገር የለም፤ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ የፍሪጁ እጀታ እንኳ ለብሷል። የጌሙ ዳንቴል ጠርዙ ተተርትሮ፣ አንዱ ጫፍ ከዲስክ ጋር አብሮ ገብቶ ኖሯል። ክሩን በመርፌ እየፈታሁ አወጣሁት። እንደ ጣቴ ርዝመት ነው። መዳፌ ላይ አድርጌ አየሁት። ሳምንቱን ሙሉ ሲያንቀኝ የነበረው ይህ ነው አልኩ።

እዚህ ላይ ክዳኑን መግጠም ነበረብኝ። አልገጠምኩም።

እኛ ፋብሪካ ያደግን ሰዎች አንድ ልማድ አለን፤ የሚሽከረከር ነገር ከፍተን ዘይት ሳንሰጠው አንዘጋም። ፎርማናችን ሥራ ማለቁን የሚያውቀው በጣቱ ዘንጉን ነክቶ ነበር፤ ጣቱ ካላብረቀረቀ «ገና ነው» ይል ነበር። ጎማዋ ደርቃ ታየችኝ። አሳዘነችኝ ብል ይሻላል። የስፌት መኪና ዘይት አምጥቼ በዘንጉ ግራና ቀኝ ጠብ አደረግሁ፤ ለጎማዋም ትንሽ ቀባሁላት፣ ትለስልስ ብዬ። ከዚያ ሁሉን ገጥሜ ሰካሁት። ልጁ ሲመጣ ኳሱን ከፍቼ ልጠብቀው አስቤ ነበር።

ዲስኩን አስገባሁ። ማሽኑ አጉረመረመ። ዲስኩ ግን ንቅንቅ አላለም። ገፋ አደረግሁት፤ ሸርተት ብሎ ተመለሰ። ቀድሞ ግማሽ ይወስድ የነበረው አሁን ምንም አይወስድም። ጎማዋ ከሥር ትዞራለች፤ ዲስኩ ከላይ ቆሞ ያያታል።

ፈታሁት። በጨርቅ ጠረግሁት። ገጠምኩት። አልሆነም። ፈታሁት፤ ጨርቁ ብናኝ ትቶበት ይባስ ብሎታል። ላቤ ብሎኖቹ ላይ ይንጠባጠባል። ሳህኑን በጉልበቴ ነካሁትና የደረደርኳቸው ብሎኖች ተደባለቁ። ከውጭ የሰው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀና እላለሁ። ሌባ የሚሰማው ይህ ይሆን እንዴ አልኩ፤ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ አንሶላዬ ላይ።

በሩ ተከፈተ። ልጄ ቦርሳውን እንዳዘለ ቆመ። አንሶላውን አየ፣ ሳህኑን አየ፣ ሆዱ የተዘረገፈውን ማሽን አየ።

«ቅዳሜ ይታያል ብዬ ነበር» አለ።

«ምክንያቱን አግኝቻለሁ። እይ፣ ክር ነው። ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ።»

መዳፌን ዘረጋሁለት። በዚያ መሐል ባለቤቴ ዘንቢሏን ይዛ ከኋላው ገባች።

«የምን ክር ነው?»

«የዳንቴልሽ» አልኩ።

ሌላ አነጋገር ነበረው፤ አሁን ሳስበው ቢያንስ ዘንቢሏን እስክታስቀምጥ መጠበቅ ነበረብኝ።

«አሃ! ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ መጣ!» ዘንቢሉን ወለሉ ላይ ጣለችው። «ሬዲዮውን አልብሼዋለሁ፣ ፍሪጁን አልብሼዋለሁ፤ የትኛው ታንቆ ሞተ? ነው ወይስ እነሱ ጋ በመዶሻ የሚዝት ሰው የለም?»

«እየወቀስኩሽ አይደለም። ክሩ ነው ያልኩት።»

«ክሩ ራሱን ሠራ?»

ልጁ በመሐላችን ቆሞ እንደ ዳኛ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክሩን ከመዳፌ አነሳው። በብርሃን አየው።

«እሺ፣ ክሩ ወጣ» አለ። «ይሠራል?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። መልሱ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ክሩ ጎማዋን ጨርሷታል፣ አልተረፈችም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። በሰፈራችን፣ በቃሊቲ፣ ይህን የሚያስተባብል ሰው የለም። የሳሪሱም ጠጋኝ አያስተባብለውም። በእጄ የያዝኩት ክር እውነተኛ ክር ነው፤ ውሸቷን ከእሱ ጋር አስሬ ብሰጣት ማንም አይለያትም ነበር። ንጹሕ እንደሆንኩ እቀራለሁ። ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ውሸት ስናገር ውሸት እንዲህ ቀላል ሆና ትመጣለች ብዬ ነግሬው አላውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር።

«አይሠራም» አልኩ። «ክሩን ካወጣሁ በኋላ ዘይት ቀባሁት። አሁን ዲስክ አይዝም። እሁድ አልሰበርኩትም። ዛሬ ግን ሰብሬዋለሁ።»

ባለቤቴ ዱካዋን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«ዘይት?» አለ ልጁ።

«ዘይት።»

«ጎማው ላይ?»

«ጎማው ላይ።»

«አባባ፣ ጎማ እኮ ሥራው መያዝ ነው። የታክሲ ጎማ ላይ ዘይት ይቀባል?»

አይቀባም። ባለቤቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ስታለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። እየሳቀች ነው።

ልጁ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ቦርሳውን አውርዶ አንሶላው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ስልኩን አወጣ። እኔ የማላውቀው ቋንቋ የሚናገር ሰው፣ ፊቱ ሳይታይ እጁ ብቻ፣ ልክ የእኛን የመሰለ ማሽን ሲፈታ አሳየኝ። የእጅየው አያያዝ ጥሩ ነው።

«በአልኮል ይጠረግ ነው የሚለው። ዘይት ከቆየበት ጎማው ያብጣል፣ ካበጠ አበቃ ይላል።»

ካበጠ አበቃ! ተነሳሁ። ከእኛ ሰፈር ያለው ፋርማሲ አልኮል የለም አለኝ። አስፋልቱ ዳር ያለው ደግሞ ለምሳ ዘግቷል። እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት ብል ማጋነን አይሆንም፤ ያ ጎማ በየደቂቃው ሲያብጥ ይታየኛል። ቤት ስደርስ ልጁ አንገቱን አቀርቅሮ፣ የሚለው ነገር እንደሚያስቆጣኝ እያወቀ፣ «አረቄስ አልኮል አይደል?» አለ።

አረቄ በዚህ ቤት ደጃፍ አልፎ አያውቅም። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለችውን አረቄ ቤት ባለፍኩ ቁጥር በር ላይ የተቀመጡትን ሳልመክር አልፌ አላውቅም። ጉበታችሁን፣ ትዳራችሁን፣ ባጃጃችሁን እያልኩ ቆሜ እቆጥርላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ከሩቅ ሲያዩኝ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ታዲያ ልጁን ልላከው? ተማሪ ልጅ አረቄ ቤት አይላክም። ባለቤቴን? ዓይኗን አይቼ ተውኩት። ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ኪሴ ከትቼ በጠራራ ፀሐይ ሄድኩ።

ስገባ ወሬው ሁሉ ቆመ። ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ አንድ ሽማግሌ መለኪያውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

«ጋሼ!» አለች የአረቄ ቤቷ ባለቤት፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ምነው በደህና? ሰው ሞተ እንዴ?»

«የለም እትዬ። ዳግም አረቄ፣ ጠንካራውን፣ ስጪኝ። በዚህች።»

ጠርሙሷን አወጣሁ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ከጥጉ አጨበጨበ።

«እሰይ! በሽሮፕ ጠርሙስ! ለሳል ነው እንዳይሉን ብቻ!»

«ለማሽን ነው» አልኩ።

«እኛስ?» አለ ሽማግሌው፣ ሆዱን መታ መታ እያደረገ። «እኔም ይችን ማሽን ነው የማጥበው። ሳትታጠብ ካደረች አትነሳም።»

«ጋሼ ይቀመጡና ጉበትዎን እንምከረው!» አለ ሾፌሩ።

«ተዋቸው፣» አለች ሴትየዋ፣ «ለማሽን ነው ካሉ ለማሽን ነው። ውሸት ሲናገሩ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ይህን ያለችው ለቀልድ ይሁን ከልቧ አላውቅም። እኔ ግን ያን ሳምንት እንዲህ ያለ ቃል ከማንም አልሰማሁም ነበር። ሂሳቤን ከፍዬ፣ ሾፌሩን ሳልመክር ወጣሁ። ሳቃቸው እስከ ሐዲዱ ድረስ ሸኘኝ።

ልጄ ብሎኖቹን ለይቶ ደርድሮ፣ ሮለሯን ብቻዋን አውጥቶ ጠበቀኝ። ጨርቅ ላነሳ ስል ባለቤቴ ምንም ሳትናገር አሮጌ የሐር ሻሿን ወረወረችልኝ፤ ብናኝ አይተውም። ልጁ በጣቱ ጎማዋን ያዞራል፣ እኔ በአረቄ በነከርኩት ሻሽ እጠርጋለሁ። ሻሹ ጥቁር ሆነ። ቤቱ በአረቄ ሽታ ተሞላ።

«ጎረቤት ቢገባ ምን እንላለን?» አለች ባለቤቴ።

«ጌሙ ጠጥቶ መጣ እንላለን» አለ ልጁ። ከእሁድ ወዲህ መጀመሪያ የቀለደው ያኔ ነው።

«ቀስ በል፣ አታጣምማት» አልኩት።

«እርስዎ ቀስ ይበሉ። ይላጣል።»

«እኔ ነኝ ሮለር የማውቅ።»

«አዎ» አለ፣ «አይተናል።»

ይህን ሌላ ቀን ቢለኝ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። ያን ቀን ሻሹን ገልብጬ መጥረጌን ቀጠልኩ። ጎማዋ ከደረቀች በኋላም ትንሽ ታንሸራትታለች፤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፊቷን ሻከር እናድርገው አልኩ። ልጁ አመነታ። በስልኩ አየ፤ እጅየውም እንደዚያው ሲያደርግ አገኘው። ሮለሯን ሰጠኝ። በጣም በስሱ፣ የሕፃን ጥፍር እንደሚቆርጥ ሰው፣ ትንፋሼን ይዤ ዙሪያዋን ነካ ነካ አደረግሁ። ገጠምነው። ልጁ ዲስኩን ከማሽኑ አፍ ላይ አደረገ። ማሽኑ ጭልጥ አድርጎ ዋጠው። ሦስታችንም ይተፋዋል ብለን ጠበቅን። አልተፋም። ትንሽ ቆይቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ መጣ፤ ተጫዋቾቹም ተሰልፈው ወጡ። ባለቤቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ የሽታው ነገር ትዝ ሲላት ተወችው።

ልጁ መጫወት ጀመረ። እኔ አንሶላውን አጠፍኩ፤ ዘረጋሁት፤ እንደገና አጠፍኩ። አንድ ነገር ይበለኝ ብዬ ከኋላው ቆምኩ። ክሩን አይቷል። የዘይቱን ነግሬዋለሁ። ታዲያ ስለ እሁዱ ምንም አይልም?

«እና?» አልኩ።

«እና ምን?»

«አይ። ምንም።»

አባት ልጁን «አምነኸኛል ወይ» ብሎ አይጠይቅም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም። ቢኖር ኖሮ ያን ማታ ሳልጠይቀው አላድርም ነበር። በአልጋዬ ላይ ስገላበጥ ባለቤቴ ጌሙ ተሠራ፣ አሁን ደግሞ ምን ሆንክ አለችኝ። ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ማሽን ሲጠገን ይታወቃል፤ ይሽከረከራል። የዚህኛው ነገር መጠገኑ በምን ይታወቃል?

ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጁ አጎቱን አትምጣ ብሎት፣ እኔ ግቢ ውስጥ የወፍጮ ቀበቶ እየሰፋሁ ነበር። ከጀርባዬ የልጁ ክፍል መስኮት ክፍት ነው። ስልክ እያወራ ነው፤ ከሳቁ እንደ ተረዳሁት ከጓደኛው ጋር ነው። እንደዚህ ያለውን ወሬ ቆሞ መስማት ነውር እንደሆነ ለልጆች ሁሉ የምናገር ሰው ነኝ። ቀበቶውን አንስቼ ልሄድ ነበር።

«ተሠራ ባክህ» አለ። «ትላንትና ማታውን ሙሉ ተጫወትኩበት... ማን? ፋዘር? አይ፣ ፋዘር አይደለም የሰበረው።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። አልተንቀሳቀስኩም።

«አውቃለሁ እንደዛ ብዬህ ነበር። ተሳስቼ ነው። ክር ነው የያዘው፣ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ፋዘር ያበላሸው ከዛ በኋላ ነው፣ ዘይት ቀብቶት...» በወዲያኛው ጫፍ ያለው ልጅ ሳቀ መሰለኝ፤ የእኔም ሳቀ። ብዙ ሳቁ። ስለ አረቄውም ነገረው፤ ያላየውን ሁሉ ጨምሮ፣ እዚያ ቤት እንዴት አድርጌ እንደ ገባሁ እየተረከ። ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ ጓደኛው አንድ ነገር ጠየቀው መሰለኝ፤ ሳቁን አቆመ።

«ማን ነገረኝ? ራሱ ነዋ። እኔና እናቴ ፊት። ዝም ቢል እኮ ማንም አያውቅም ነበር» አለ። «እና ያኛውንም አልሰበርኩም ካለ፣ አልሰበረም ማለት ነው። አለቀ።»

ከዚያ ወሬው ወደ ፈተና ሄደ። ገብቼ ፋዘር የሚባል ነገር ከየት እንዳመጣ ልጠይቀው፣ ሰው ላይ መሳቅ ምን እንደሆነ ላስረዳው፣ በዚያውም ስለ ፈተናው ላንሳበት ፈልጌ እስከ በሩ ድረስ ሄጃለሁ። እጄ መዝጊያው ላይ ነበር። ግን ከገባሁ በኋላ ምን እንደምናገር ራሴን አላመንኩትም። ቀበቶዬን ጠቅልዬ፣ ልጁ ሌላ ነገር ጨምሮ ሳይል፣ ወደ መንገድ ወጣሁ።